ድሮኑን ከመግዛታችሁ በፊት፦ ከእነዋሪ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ እነዋሪ ላይ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ እሠራለሁ። አባሎቻችን ስንዴ የሚዘሩት በክላስተር፣ ማሳቸውን አያይዘው ነው። አንድ ነጋዴ የመርጫ ድሮን ላምጣላችሁ ብሎናል። አንድ ሄክታር በአሥር ደቂቃ ይረጫል፣ ሲያስፈልግ ጀማ ሸለቆ ውስጥ ላሉ ጤና ጣቢያዎች ደምና መድኃኒት ያደርሳል፣ መሬትም ይለካል ይላል። ፈቃዱን ዕቃው ከገባ በኋላ እናስጨርሳለን ብሎናል። ሊቀመንበራችን በጣም ጓጉተዋል። ወንድሜ ደግሞ ከዱባይ ትንሽ የካሜራ ድሮን ሊያመጣ ነው። ከ250 ግራም በታች ስለሆነች ፈቃድ አያስፈልጋትም ይላል። እንግዛ ወይስ ይቅርብን?»

አትግዙ። ቢያንስ ለዘንድሮው መኸር አትግዙ። ድሮን አይጠቅምም ማለቴ ግን አይደለም። የጅሩ ስንዴ ለድሮን ርጭት በጣም ከሚመቹ ማሳዎች አንዱ ነው፤ ምክንያቱን ከታች አስረዳለሁ። ችግሩ የቀረበላችሁ ሐሳብ ነው። አንድ ዕቃ ሦስት የተለያየ ሥራ ይሠራል እየተባለ ይሸጣል፣ ፈቃዱም ከኋላ ይመጣል ይባላል። ሁለቱም አይሆንም። ወንድምዎም ሻንጣውን ሳይዘጋ ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ከፈቃዱ ልጀምር፤ እሱ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነውና። በኢትዮጵያ ድሮን ወደ ሀገር የሚገባው አስቀድሞ በተገኘ ፈቃድ ነው። ጉዳዩን የሚያየው ሁላችንም ኢንሳ የምንለው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው። የአየር ክልሉ ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ኃላፊነት ነው። ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን ጉምሩክ ላይ ይያዛል። ስለዚህ «ከገባ በኋላ እናስጨርሳለን» የሚል ነጋዴ ወይ አሠራሩን አያውቀውም፣ ወይ ዕቃውን በጓሮ በር ሊያስገባው ነው። በጓሮ በር የገባ ድሮን ደግሞ ሲያዝ የሚገኘው ነጋዴው ቤት አይደለም፤ እናንተ መጋዘን ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩ የሚፈርሙት ውል ላይ ይህን አንድ ነጥብ ብቻ ቢያስቡበት ይበቃል። ፈቃዱ በዩኒየኑ ስም፣ ለታወቀ ሥራ፣ ለታወቀ ቦታ፣ ከክፍያ በፊት በእጃቸው መኖር አለበት።

የ250 ግራሙ ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዩቲዩብ ላይ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሰዎች ይሉታል፣ እነሱም ስለራሳቸው ሀገር ሲያወሩ ልክ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ለመዝናኛ ብቻ የምትበር ከ250 ግራም በታች የሆነች ድሮን አትመዘገብም። አውሮፓ ውስጥ ግን ያችው ትንሽ ድሮን ካሜራ ካላት አብራሪው መመዝገብ አለበት። ሁለቱም የሌላ ሀገር ሕግ ናቸው። እኛ ጋ ጉምሩክ የግራም ሚዛን ይዞ አይጠብቅም፤ ድሮን ድሮን ነው። ወንድምዎ ለሠርግ ቀረጻ አስቦት ከሆነ እንኳ ፈቃዱን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ካላገኘ ዕቃውን እዚያው ይተወው።

ሕጉ ለምን እንዲህ ይጠብቃል የሚለውን ሰው ብዙ ጊዜ በደህንነት ብቻ ያየዋል። የደህንነቱ ጉዳይ እውነት ነው፤ ብቸኛው ምክንያት ግን አይደለም። ሙሉ ተጭኖ 90 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የመርጫ ድሮን ከሰው አናት በላይ ሲበር ሞተሩ ቢቆም ምን እንደሚሆን አስቡት። ሌሎች ሀገሮች ሕጋቸውን የሠሩት ከዚህ ተነስተው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ደንብ በረራዎችን በአደጋቸው መጠን በሦስት ይከፍላል። ቀላሉ ክፍል ከ25 ኪሎ ግራም በታች የሆነ፣ ከመሬት 120 ሜትር የማያልፍ፣ አብራሪው በዓይኑ የሚያየው በረራ ነው። ከዚያ የወጣ ሁሉ በየሥራው የአደጋ ግምገማና ፈቃድ ይጠየቅበታል። ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍል ደግሞ እንደ አውሮፕላን የሚቆጠር በረራ ነው። የእናንተ የመርጫ ድሮን በክብደቱ ብቻ ከቀላሉ ክፍል ይወጣል። መርዝ መርጨቱ ሲጨመርበትማ ጣጣው ይበዛል።

ሌላም ሁሉም የሚረሳው ሕግ አለ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። አንድ ኬሚካል የተመዘገበው ለተወሰነ ሰብል፣ ለተወሰነ ተባይ ወይም በሽታ ነው፤ አጠቃቀሙም ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። በጀርባ መርጫ እንዲረጭ የተጻፈለትን ኬሚካል በድሮን ከመርጨታችሁ በፊት አምራቹንና የግብርና ባለሥልጣንን መጠየቅ አለባችሁ። የድሮን ፈቃድ የኬሚካል ፈቃድ አይሆንም። ሁለቱ ወረቀቶች ይለያያሉ፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

አሁን ወደ ስንዴው እንግባ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። የጅሩ መሬት ጥቁር አፈር ነው። በክረምቱ ውኃ ይቋጥራል፣ መስከረም ላይ ገና እግር ይይዛል። ዋግ የተባለው የስንዴ ፈንገስ በሽታ የሚመጣውም ልክ በዚያ ወቅት ነው። ቢጫ ዋግ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይወዳል፣ ደጋው ደግሞ ይህን አያጣም። በ2002 እና 2003 ዓ.ም. መካከል በነበረው መኸር ቢጫ ዋግ በሀገሪቱ ስንዴ አምራች አካባቢዎች ያደረሰውን ጥፋት ያየ ገበሬ አይረሳውም። ዋግ ሲታይ ፀረ ፈንገሱ በቀናት ውስጥ መረጨት አለበት። ማሳው ግን ጭቃ ነው። በጀርባ መርጫ ለአንድ ሄክታር 200 ሊትር ገደማ ውኃ ያስፈልጋል። መርጫው ከ15 እስከ 20 ሊትር ስለሚይዝ ለአንድ ሄክታር ከአሥር ጊዜ ያላነሰ መሙላት ማለት ነው። ያንን ውኃ በዚያ ጭቃ ላይ የሚሸከመው ሰው ነው። የሚረጨውም ሰው በሚያፈስ መርጫ፣ ያለ ጓንት፣ ያለ ጭምብል፣ ጀርባው በመርዝ እየራሰ ነው። የያዘውን ስንዴም በእግሩ እየረገጠ ያልፋል።

ድሮን ይህን ሁሉ ያስቀራል። ጭቃ አይገደውም፣ ስንዴ አይረግጥም፣ በሄክታር ከ10 እስከ 20 ሊትር ውኃ ይበቃዋል፣ መርዙንም ከሰው ጀርባ ያወርዳል። ክላስተር ደግሞ ለድሮን የተሠራ ያህል ይመቻል። ተመሳሳይ ዝርያ፣ ተመሳሳይ የዘር ወቅት፣ ተያያዥ ማሳ። በየጥማዱ የተለያየ ሰብል ያለበት ቦታ ቢሆን ድሮኑ ከሥራው ይልቅ በመዞር ጊዜውን ይጨርስ ነበር። ለዚህ ነው ለጅሩ ስንዴ ይጠቅማል ያልኩት፤ የእናንተን ሊቀመንበር ጉጉትም አልነቅፍም።

ግን «አንድ ሄክታር በአሥር ደቂቃ» የሚለው የበረራውን ጊዜ ብቻ ነው። ኬሚካል መበጥበጥ፣ ታንኩን መሙላት፣ ባትሪ መቀየር፣ ጄኔሬተሩን ከማሳ ማሳ ማጓጓዝ፣ የማሳውን ዳር መመዝገብ፣ ዛፍና የመብራት ሽቦ ማየት አልተቆጠረም። ንፋስ ሲነሳ መቆምም አለ። ነጋዴው ያሳያችሁ ቪዲዮ የተቀረጸው ሜዳ በሆነ፣ ከባሕር ወለል ብዙም ባልራቀ ቦታ መሆኑን እርግጠኛ ነኝ ማለት ይቻላል። እናንተ ያላችሁት ግን 2,600 ሜትር አካባቢ ነው።

ይህ ከፍታ ቀልድ አይደለም። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል አንጻር በአንድ አራተኛ ገደማ ይሳሳል። የድሮን ክንፍ የሚገፋው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ክንፉ በፍጥነት መዞር አለበት፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ከሁሉም በላይ የሚሸከመው ጭነት ይቀንሳል። 40 ሊትር ይይዛል የተባለ ታንክ እነዋሪ ላይ 40 ሊትር ይዞ ይነሳል ማለት አይደለም። ድሮኑ ራሱ ከነባትሪው ስለማይቀንስ ቅናሹ በሙሉ የሚወድቀው በምትጭኑት ላይ ነው። አየሩ በሩብ ሳሳ ማለት ጭነቱ ከሩብ በላይ ሊቀንስ ይችላል ማለት ነው። አምራቾቹ በየከፍታው የሚፈቀደውን ክብደት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አላቸው። ነጋዴውን ያንን ሠንጠረዥ ጠይቁት። ካላመጣ ውይይቱ እዚያው ያብቃ። ወደ ጣርማ በርና ወደ መንዝ ስትወጡ ደግሞ ከፍታው ይጨምራል፣ ከገደሉ ጫፍ የሚነሳው ንፋስና ጉም ይታከልበታል።

ስለ ባትሪው ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘቡ የሚያልቀው እዚያ ነው። ሙሉ የጫነ የመርጫ ድሮን በአንድ ባትሪ የሚበረው በደቂቃዎች የሚቆጠር ጊዜ ነው። ሥራ እንዳይቆም ቢያንስ ሦስትና አራት ባትሪ እየተፈራረቀ መሞላት አለበት፤ ለዚያ ማሳ ላይ ጄኔሬተር፣ ለጄኔሬተሩ ቤንዚን ያስፈልጋል። ቤንዚን በጥቁር ገበያ በሚገዛበት ወቅት ሒሳቡ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ባትሪው በሙሌት ቁጥር ያረጃል፤ ሲያረጅ የሚተካው በውጭ ምንዛሬ ነው። በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ በማለዳ ከተነሳ ብርዱ ኃይሉን ይቀንሰዋል። የተመታ ወይም ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ እሳት ነው፤ ከዘርና ከማዳበሪያ መጋዘን ጋር አንድ ጣሪያ ስር አይቀመጥም። ይህን ሁሉ የሚያስተዳድር ሰው ሳይኖር ድሮን መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥንቃቄ አለኝ። ድሮኑን ለፀረ አረም አትጠቀሙበት። ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም በስንዴ ላይ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል። ሰፊ ቅጠል ያለው ግን አረም ብቻ አይደለም። ምስርም፣ ባቄላም፣ ሽምብራም፣ ጓያም ሰፊ ቅጠል ናቸው። ከስንዴ ክላስተሩ ዳር እነዚህን የዘራ ገበሬ አይጠፋም። ድሮን የሚረጨው ጠብታ ደቃቅ ነው፤ ውኃው ስለሚያንስ መርዙም ወፍራም ነው። ትንሽ ንፋስ ከያዘው የጎረቤት ምስር ላይ ያርፋል። በማግስቱ ቅጠሉ ይጠማዘዛል፣ ከዚያ ሽምግልና፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። ፀረ ፈንገሱ ሲንሳፈፍም ጥሩ ነው አልልም፤ ግን የጎረቤትን ባቄላ እንደዚያ አያቃጥልም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ዓመት ለዋግ ብቻ፣ በክላስተሩ መሀል ብቻ፣ ከዳር በቂ ርቀት ተትቶ ይሁን።

ርጭቱ ከሰብሉ በላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን። ንፋሱ በሰከንድ ከሦስትና አራት ሜትር ካለፈ ይቁም። ጭራሽ ንፋስ የሌለበት የማለዳ ጊዜም አያሳስታችሁ። ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ሲተኛ ደቃቁ ጠብታ አይወርድም፤ ተንሳፍፎ ወደ ቆላው ይሄዳል። ፀሐይ ትንሽ ከወጣች በኋላ መጀመር ይሻላል፣ ግን ያኔ ንብም ትወጣለች። በመስከረም አደይ ሲያብብ ንብ ያላቸው ሰዎች ቀደም ብለው ይነገራቸው፤ ቀፎውን ይሸፍኑ ወይም ያርቁ። ምንጭና የከብት ማጠጫ አጠገብ አይረጭም። የኬሚካሉ መጠንም አይቀንስም፣ አይጨምርም። ጠርሙሱ ላይ በሄክታር ግማሽ ሊትር ካለ፣ በጀርባ መርጫም በድሮንም ግማሽ ሊትር ነው፤ የሚለያየው ውኃው ነው። በዚህ ምክንያት የሚበጠብጠው ሰው እጁ ላይ የሚደርሰው መርዝ ከድሮው የወፈረ ነው። ጓንት፣ መነጽርና ጭምብል ለእሱ ግዴታ ነው፤ ድሮን መጣ ብላችሁ አትተዉት።

ወደ መድኃኒቱ ልሂድ። የመርጫ ድሮን መድኃኒት አያደርስም። የተሠራው ከጭነት ጋር ለአጭር ጊዜ፣ ከመሬት ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ እንዲመላለስ ነው። ጀማ ሸለቆ ከደጋው ጫፍ ከሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። መውረዱ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ መመለሻው ግን ያንን ሁሉ ከፍታ መውጣት ነው። ገደሉ የሬዲዮ ግንኙነቱን ይቆርጠዋል። አብራሪው በዓይኑ አያየውም፤ በዓይን የማይታይ በረራ ደግሞ በብዙ ሀገር ከበድ ያለ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነው።

ደም በድሮን የሚላክበት ሀገር እንዳለ ነጋዴው ሰምቶ ይሆናል። ሩዋንዳ ነው፤ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ። ሥራው ግን ከእናንተ ዕቃ ጋር አይመሳሰልም። ዚፕላይን የተባለው ኩባንያ የሚያበርረው እንደ ትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ያለው ድሮን ነው። ከማስወንጨፊያ ይነሳል፣ 80 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሄዳል፣ ከሁለት ኪሎ ግራም ያነሰ ዕቃ በትንሽ ጃንጥላ ጥሎ ሳያርፍ ይመለሳል። የሩዋንዳ መንግሥት ድሮን አልገዛም፤ አገልግሎት ነው የገዛው። የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ፣ ጤና ሚኒስቴሩና የደም ባንኩ አብረው ተቀምጠው መስመሩን ሠሩ። ውጤቱም ጥሩ ነበር፤ በሆስፒታሎች ጊዜው አልፎ የሚጣለው ደም በሁለት ሦስተኛ ገደማ መቀነሱ በጥናት ታይቷል። ጋና በ2011 ዓ.ም. ተከተለች። ማላዊ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ካሱንጉ ላይ ከዩኒሴፍ ጋር ሆና ለሙከራ ብቻ የተከለለ የአየር መስመር ከፈተች። መጀመሪያ የተከለለ ቦታ፣ ቀጥሎ ሙከራ፣ ከዚያ አገልግሎት። ለእኛም መማሪያ የሚሆነው ይህ ቅደም ተከተል ነው።

ሌላ የተሳሳተ ግምትም አለ። ደም ለጤና ጣቢያ ቢላክ ብዙ አይረዳም። ደም ለመስጠት የደም ዓይነት የሚያመሳክር ላቦራቶሪ፣ ማቀዝቀዣና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ያለው በአብዛኛው ሆስፒታል ላይ ነው። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ጀማን ተሻግሮ ወደ መርሐቤቴ የሚሄድ መስመር ቢታሰብ መድረሻው ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታልን የመሰለ ቦታ ነው የሚሆነው። ለጤና ጣቢያ የሚሆነው ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም የሚያቆም መድኃኒት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ የእባብ መርዝ ማርከሻ ነው። እነዚህ ቀላል ናቸው፣ ጥቂት ናቸው፣ ሲዘገዩ ግን ሰው ይሞታል። ይህ መስመር አንድ ቀን እንዲሠራ ከልቤ እመኛለሁ፤ እናት በቃሬዛ ያንን ዳገት የምትወጣበት ሀገር ነውና። ግን የዞኑ ጤና መምሪያና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሥራ ነው። የስንዴ ዩኒየን በመርጫ ድሮን የሚሞክረው አይደለም።

የመሬት ልኬታው ሦስተኛ ዓይነት ድሮን ይፈልጋል፤ ቀላል፣ ጥሩ ካሜራና ትክክለኛ የቦታ መለያ ያለው። በሚገባ ከተሠራ፣ መሬት ላይ የተለኩ ምልክቶች ከተደረጉለት፣ በሴንቲሜትር የሚቆጠር ትክክለኛነት ያለው ካርታ ይሰጣል። ነገር ግን ካርታው ራሱ የይዞታ ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ደብተር የሚሰጠው በወረዳው መሬት አስተዳደር ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ድንበሩ ላይ ቆሞ ተስማምቶ ነው። ዩኒየኑ በራሱ ድሮን የሰውን ድንበር ለካ ከተባለ ጠብ መጥራት ነው። በካሜራው ዋግን ቀድመን እናያለን የሚልም ይመጣባችኋል። ካሜራው የሚያየው ስንዴው መድከሙን ነው፤ በዋግ ይሁን በውኃ መተኛት ወይም በማዳበሪያ እጥረት አይነግራችሁም። ያንን የሚነግራችሁ ማሳ ውስጥ ገብቶ ቅጠል የሚገለብጥ የልማት ሠራተኛ ነው።

በኢንዱስትሪው በኩል ነገሩ ይቀላል። ለሚ ከተማ ላይ እንደተሠራው ዓይነት የሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ የሚያወጣበትን ቦታ መጠን መለካት፣ የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክን ጣሪያ ማየት፣ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር መፈተሽ ድሮን በጣም የሚያዋጣባቸው ሥራዎች ናቸው። ቦታው የታጠረ ነው፣ ባለቤቱ አንድ ነው፣ ከሥሩ ያለው ሰው ሠራተኛው ብቻ ነው። 

የእናንተ ቦታ ግን ክፍት ነው፣ ሰው ይኖርበታል። ይህ ወደ ከባዱ ጉዳይ ያመጣኛል። ሰሜን ሸዋ ባለፉት ዓመታት ግጭት ውስጥ ነበር። ሰው የድሮን ድምፅ ሲሰማ የሚያስበው ስንዴ አይደለም። የጦር ድሮንና የመርጫ ድሮን በአሠራርም፣ በመጠንም፣ በከፍታም ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የጦሩ በሺዎች በሚቆጠር ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን ነው፤ የመርጫው ከሰብል ራስ በላይ የሚንሳፈፍ ማሽን ነው። ይህን ማስረዳት ይቻላል። ነገር ግን በድንገት ከዳገቱ ጀርባ ብቅ ቢል ለማስረዳት ጊዜ የለም። ልጅ ይሮጣል፣ ከብት ይበረግጋል፣ የታጠቀ ሰው ደግሞ ሊተኩስ ይችላል። አብራሪው ወጣት ልጅ ነው፤ ሪሞት ይዞ ማሳ ዳር ሲቆም ለማን እንደሚሠራ ማንም ላያውቅ ይችላል። በፌዴራል የተሰጠ ወረቀት ኪሱ ውስጥ መኖሩ ብቻውን አያድነውም።

ስለዚህ ቀበሌው ያልተረጋጋ ከሆነ አታብርሩ። ፈቃድ ቢኖርም፣ ዋግ ቢገባም አታብርሩ፤ በጀርባ መርጫ ይረጭ። የተረጋጋ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ሰው መሬት ላይ ይየው። ከቅዳሴ በኋላ፣ በዕድር ስብሰባ፣ በገበያ ቀን ይነገር። የትኛው ማሳ ላይ፣ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚበር፣ ማን እንደሚያበርረው ይታወቅ። አንድ ገበሬ እንኳ «በእኔ ማሳ ላይ አይሁን» ካለ አይሁን።

ከዚሁ ጋር የምስሉ ጉዳይ አለ። ድሮን የሚያነሳው ምስል የሰው ግቢ፣ የሰው ከብት፣ የሰው መውጫና መግቢያ ያሳያል። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ ተጽፏል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ለርጭት የቪዲዮ ቅጂ አያስፈልግም። ስለዚህ አይቀዳ። የማሳው ካርታ ከተሠራም ለርጭቱ ብቻ ይዋል፤ ለነጋዴም፣ ለኬሚካል ሻጭም፣ ለማንም ሦስተኛ ወገን አይሰጥ። ይህን በጽሑፍ አስፍሩት። እንዲህ ባለ አካባቢ ገበሬው ማሳውን ለማን እንዳሳየ የማወቅ መብት አለው፤ በዚህ ነጥብ ላይ እንድትደራደሩ አልፈልግም።

ታዲያ ምን አድርጉ ነው የምለው? አገልግሎቱን ተከራዩ። ፈቃድ ያለው፣ የሠለጠነ አብራሪ ያለው፣ የራሱን ባትሪና ጄኔሬተር ይዞ የሚመጣ ድርጅት ፈልጉ። የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከልንና ዩኒቨርሲቲውን አማክሯቸው፤ በአፈሩም በዝርያውም ከነጋዴው የተሻለ ያውቃሉ። አንድ ቀበሌ፣ አንድ ክላስተር፣ አንድ መኸር፣ ለዋግ ብቻ። ከጎኑ በጀርባ መርጫ የሚረጭ ተመሳሳይ ማሳ ተዉ። መጨረሻ ላይ የሁለቱን ምርት በኩንታል፣ ወጪውንም በብር አነጻጽሩ። ያኔ ለመግዛት ወይም ላለመግዛት የራሳችሁ ቁጥር ይኖራችኋል። የሙከራውን ወጪ ብቻውን ካዩት ትርፍ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ግን ቆሞ አቧራ ከሚጠጣ ማሽን በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ፈቃድ ያለው ድርጅት ለዘንድሮ ካልተገኘ ሥራው ለከርሞ ይደር፤ ያለውን ገንዘብ ለመርጫዎቻችሁ ጥገናና ለመከላከያ ልብስ አውሉት።

ውሉን ስትጽፉ ክፍያው በበረራ ሰዓት ሳይሆን በትክክል በተረጨ ሄክታር ይሁን። የየቀኑ የበረራ መዝገብ ለዩኒየኑ ይሰጥ፤ ሰዓቱ፣ ንፋሱ፣ ኬሚካሉ፣ መጠኑ፣ የአብራሪው ስም። በንፋስ ወይም በጉም ምክንያት በረራ ሲቆም ቅጣት አይኑር፤ ቅጣት ካለ አብራሪው በማይሆን ንፋስ ይረጫል። ኢንሹራንስ መኖሩን ወረቀቱን ሳታዩ አትመኑ። የጎረቤት ሰብል ቢቃጠል፣ ንብ ቢሞት ወይም ድሮኑ ሰው ላይ ቢወድቅ ካሣውን ማን እንደሚከፍል በስም ይጻፍ። ይህችን የመጨረሻ መስመር አልፈርምም የሚል ድርጅት ከመጣ ሌላ ፈልጉ።